ሐይቁ በየት በኩል ነው?

በጡረታ ስሸኝ የተሰጠኝ ስጦታ ቬንቲሌተር ነው። ጋቢ አልብሰውኛል፣ የምስክር ወረቀት በፍሬም አድርገው ሰጥተውኛል፤ ከዚያ ሁለት ወጣት መምህራን አንድ ትልቅ ካርቶን ተሸክመው መጡና እግሬ ሥር አስቀመጡት። ካርቶኑ ላይ የቬንቲሌተር ሥዕል በሰማያዊ ታትሟል። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ በማስተማር ዘመኔ በሙሉ ለአርክቴክቸር ተማሪዎች ስናገር የኖርሁት አንድ ነገር ነው፤ ባሕር ዳር ላይ በወጉ የተሠራ ቤት ቬንቲሌተር አያስፈልገውም። ካጨበጨቡት ግማሾቹ ደግሞ እኔው ያስተማርኋቸው ናቸው።

ለተንኮል ይሆን ብዬ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ዓይን ዓይኑን አየሁት። ተንኮል የለበትም፣ የዋህ ልጅ ነው። «መምህርት፣ ቤትዎ ይሞቅ ይሆናል ብለን ነው» አለኝ። የእኔ ቤት አይሞቅም። የሚሞቀው የቆምንበት አዳራሽ ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ መጋረጃው ተዘግቶ፣ አምፖሉ በርቶ፣ ሰው በፕሮግራም ወረቀት ፊቱን እያራገበ። ምን እላለሁ፤ አመስግኜ ተቀመጥሁ።

ኬኩ ተቆርሶ ሰው መበተን ሲጀምር ኃላፊው ወደ ጎን ወሰደኝና ዋናውን ነገር አመጣው። የእኔን ኮርስ፣ ከአካባቢ ጋር የሚስማማ የሕንፃ ንድፍ የሚባለውን፣ የሚረከብ መምህር እስከሚቀጥለው ሴሚስተር ካልተገኘ ኮርሱ ይታጠፍና የሌላ ኮርስ አንድ ምዕራፍ ይሆናል። ያመለከተ ሰው ግን አለ፤ አንድ ብቻ። እርስዎ ይሁን ካሉ ይሁን፣ አይሁን ካሉ ይቅር ብለናል አለኝ። ማነው ብዬ ጠየቅሁት። ያሬድ አለኝ። ያን ጊዜ ቬንቲሌተሩን ረሳሁት።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ያሬድን ከመናገሬ በፊት እኔን ማን እንዳስተማረኝ ልናገር።

የተወለድሁት እንፍራንዝ ነው። ባሕር ዳር የመጣሁት ገና በልጅነቴ በአንድ የመንግሥት የግንባታ ቢሮ ንድፍ ሠሪ ሆኜ ተቀጥሬ ነው። ያኔ ኮምፒዩተር የለም። ሉሲዶ በምንለው ስስ ወረቀት ላይ በቀለም እንሥላለን፤ የተሳሳተውን መስመር በምላጭ ጫፍ ቀስ አድርገን እንፍቃለን፤ ወረቀቱ ከተቀደደ የሳምንት ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው። አለቃዬ ጋሼ ዘውዴ ይባላሉ። የደቅ ደሴት ሰው ናቸው፣ የመሪጌታ ልጅ፤ በታንኳ እየተሻገሩ ተምረው፣ ውጭ አገርም ደርሰው የመጡ አርክቴክት። ቀጭን፣ ቁመታቸው መካከለኛ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬን፣ የአንድ ገጠር ጤና ኬላ ፕላን፣ ጠረጴዛቸው ላይ አነጠፍሁላቸው። አልተቀመጡም፣ ወረቀቱንም አላዩም።

«ሐይቁ በየት በኩል ነው?» አሉኝ።

በመስኮቱ በኩል ጠቆምሁ። ከቢሯችን ሐይቁ ይታያል።

«በወረቀትሽ ላይ ነው የምልሽ» አሉና ጠቅልለው መለሱልኝ። ሰሜንን አላመለከትሁም ነበር። ምንም ሳይጨምሩ ወደ ሌላ ሥራ ዞሩ፤ እኔም እያለቃቀስሁ ወደ ጠረጴዛዬ ሄድሁ። በማግሥቱ ሰሜኑን አድርጌ ስመለስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አዞሩት፣ አዞሩት፣ የወረቀቱ ሰሜን ልክ በሰሜን ወዳለው ሐይቅ እስኪዞር። ከዚያ በኋላ ብቻ ጎንበስ ብለው ማንበብ ጀመሩ። አብሬያቸው በሠራሁበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ሳያደርጉ አንድ ፕላን ሲያዩ አላየኋቸውም። ያለ አቅጣጫው የተነጠፈ ፕላን ለእሳቸው ራስጌና ግርጌው እንደተምታታ አልጋ ነበር። በደቅ ነፋሱን ሳይጠይቅ ታንኳ የሚያወጣ የለም ይሉ ነበር።

ሌላው ልማዳቸው የበለጠ ያስቸግረን ነበር። የሌሎች አለቆች የግንባታ ጉብኝት ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። የጋሼ ዘውዴ ጉብኝት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ግድግዳውን ፊት ለፊት ስትመታው። ገብተው ማንንም ሳያናግሩ በቀጥታ ወደ ምዕራቡ ግድግዳ ይሄዱና የእጃቸውን ጀርባ ያስጠጉታል፤ እናት የልጇን ግንባር እንደምትነካው። «ትኩሳት አለው» ይላሉ፣ ወይም «ደኅና ነው» ይላሉ። ከዚያ ወንበር ፈልገው ይቀመጣሉ። ባለሥራው ስለ ሲሚንቶ እጥረት እያስረዳ፣ እሳቸው ዝም ብለው ያልባቸው እንደሆነ ይጠብቃሉ።

አንድ ጊዜ ደቅ ይዘውኝ ሄደው ያጠኑበትን ክብ ቤተ ክርስቲያን አሳዩኝ። ዙሪያውን ጥላ ያለው በረንዳ፣ ከዚያ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ፣ ከዚያ ሌላ ዙር፤ በጾም ቆመው የሚያስቀድሱ ሽማግሎች ሳይዝሉ የሚውሉበት። ጣሪያው ግን ሣሩ ተነሥቶ ቆርቆሮ ሆኗል። እንደ ሌላው ምሁር ቀሳውስቱን ይወቅሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልወቀሱም። ሣሩ ጠፍቷል፣ ከዳኙም አልቋል፣ ምን ያድርጉ አሉ። «እኛ ነን ከቆርቆሮው ሥር ምን እንደሚገባ ማሰብ የነበረብን» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ነው የሠራነው ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ሁሉ ከአዊ የመጣ የቀርቀሃ ኮርኒስ የገባለት፤ ሙቀቱን ይከላከላል፣ ክረምት ሲገባም ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የመምህሩ ድምፅ ይሰማል።

ዩኒቨርሲቲው የአርክቴክቸር ትምህርት ሲከፍት፣ ከሥራዬ ጎን የያዝሁትን ትምህርት ጨርሼ ማስተማር ጀመርሁ። ደመወዙ የመምህር ደመወዝ ነው፣ አይወራም። የሞላሁትን የግምገማ ቅጽ ብደረድረው አንድ ክፍል ግድግዳ ይወጣዋል። የሚወራው ተማሪው ነው።

መጻሕፍቱ የሚመጡት ከብርዳም አገር ነው። በብርዳም አገር ፀሐይ እንግዳ ናት፤ በትልቅ መስታወት ያስገቧታል፣ ሙቀቷን በግድግዳ አጠራቅመው ማታ ይሞቁታል። ተማሪዎቼ ይህን ቃል በቃል ያጠኑታል። አንዱ ለባሕር ዳር መኖሪያ ቤት ሙቀት የሚያጠራቅም የመስታወት ክፍል ሠርቶ አመጣልኝ። ሙቀቱን ምን ልታደርግበት ነው አልሁት። ማታ እንዲያሞቀን አለኝ። የት ነው የምታድረው አልሁት። እዚሁ ዶርም አለኝ። ማታ ምን ትለብሳለህ? አንሶላ ብቻ አለኝ፣ ያውም አንዳንዴ እጥለዋለሁ። ይህን በራሱ አፍ ተናግሮ እንኳ መስታወቱን አላነሳም። መጽሐፉ ላይ አለ አለኝ።

የኮምፒዩተሩ ሥዕል ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። የሐይቁ ዳር ላይ ጥድ የሚመስል የበረዶ አገር ዛፍ ይተክላሉ፤ ካፖርት የለበሱ ነጮች ውሻ በገመድ እየሳቡ በግዮን ወንዝ ዳር ይሄዳሉ። የእኛ ሰው የት ገባ ስል ኮምፒዩተሩ ውስጥ የለም ይሉኛል። ትምህርቱ ስለ አካባቢ ነው ስላቸው ሕንፃውን አረንጓዴ ቀብተው ይመጣሉ። አልሸሹም ዞር አሉ።

እኔም የጋሼ ዘውዴን መንገድ ያዝሁ። ተማሪዎቹን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከተማ አውጥቼ አንዱ ሕንፃ ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ስልክ የለ፣ ደብተር የለ፣ መቀመጥ ብቻ። ያጉረመርማሉ። ከዚያ የእጃችሁን ጀርባ አስነኩ እላቸዋለሁ። ከዚያ ሐይቁ በየት በኩል ነው እላቸዋለሁ። ይህ ጥያቄ ነው፤ በየቦታው መልሱ ይለያያል። እነሱ ግን ለፈተና ጥያቄ አይመቻቸውም፣ የሚሸመደድ ነገር ይፈልጋሉ። ስለዚህ አንድ አባባል ፈጠሩ፤ ከነባሩ ተማሪ ወደ አዲሱ እየተላለፈ ኖረ። «ሐይቅ ባየህበት መስኮት ክፈት።»

ይህ አባባል የሚያናድደው ውሸት ስላልሆነ ነው። ከተማው ውስጥ ሐይቁ ያለው በሰሜን ነው። ነፋሱ ቀን ቀን ከዚያ ይመጣል፣ የከሰዓቷ ፀሐይ ግን በዚያ በኩል አታጠቃም፤ መስኮትህን ብትከፍት ታተርፋለህ። የዓባይን ድልድይ ተሻግረህ ወደ ዘንዘልማ ስትሄድ ግን ሐይቁ በግራህ ይሆናል፣ በምዕራብ። እዚያ ሐይቁን ፊት ለፊት ካየህ የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ አንድ ጊዜ ከሰማይ፣ አንድ ጊዜ ከውኃው ላይ ተንጸባርቃ ትመታሃለች። ስለዚህ የፈተናውን ቦታ ሆን ብዬ ከድልድዩ ማዶ አደርገው ነበር። ግማሹ ክፍል ይወድቃል። በዓመቱ የሚመጡት ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አባባሉ ላይ ጨመሩበት፤ «ሐይቅ ባየህበት መስኮት ክፈት፣ ከድልድዩ ማዶ ከሆነ ዝጋ።» አንዱን ልነቅል ሁለት አበቀልሁ።

ያሬድ ካልወደቁት ነው። ፈተናውን አይቶ «ቲቸር፣ ይኼ እኮ ወጥመድ ነው» ብሎ የሳቀው እሱ ብቻ ነው። የመመረቂያ ሥራው የዘንዘልማ ትምህርት ቤት ነበር። ሕንፃውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አስረዝሞ፣ በምዕራቡ ጫፍ መስኮት የሌለው ግድግዳ አድርጎ ዕቃ ቤቱንና ደረጃውን እዚያ ከተተው። መስኮቶቹ በሰሜንና በደቡብ ናቸው፤ በአንዱ በኩል ዝቅ፣ በሌላው ከፍ ብለው፣ ነፋሱ ሕፃናቱ በተቀመጡበት ቁመት እንዲገባና የሞቀው አየር በላይ እንዲወጣ። በሁለቱም ጎን ሰፊ በረንዳ፣ ከላይ የቀርቀሃ ኮርኒስ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ የገጠር ትምህርት ቤት ይመስላል አለ። ታዲያ የት ሊሠራ ነው፣ ዱባይ? አልሁት። ተጨቃጨቅን፣ አሸነፍሁ። ያሬድ በካርቶንና በሸምበቆ የሠራውን ሞዴል ቢሮዬ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሁት። አዲስ ተማሪ ሲመጣ እሱን ነበር የማሳየው።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት ሄዱ። ልጄ ጽዮን መምህርት ሆነች፤ ከድልድዩ ማዶ ሐይቁ ዳር አዲስ የተከፈተ የግል ትምህርት ቤት ተቀጠረች። ሦስተኛ ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። አንድ ቀን ሕንፃውን ማን እንደሠራው ታውቂያለሽ እማ፣ ያሬድ ነው፣ ያንቺ ተማሪ አለችኝ። የተሰማኝን ኩራት መደበቅ አልቻልሁም። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ሄድሁ።

ከሩቅ ያብረቀርቃል። ፊቱ በሙሉ መስታወት ነው፣ ከታች እስከ ላይ፣ ወደ ምዕራብ የዞረ። በሩ ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፤ ልጆችዎ ጣናን እያዩ ይማሩ ይላል። ደረጃውን ስወጣ ሰዓቱ ዘጠኝ ገደማ ነው። ኮሪደሩ በሕፃናት ተሞልቷል፤ ወለል ላይ ተቀምጠው ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጽፋሉ። ጽዮን ሰሌዳውን ከክፍል አውጥታ ግድግዳ አስደግፋዋለች። ፈተና ነው ወይ አልኋት።

«አይ። ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ እዚህ ነን» አለችኝ። «ውስጥ ይነስራቸዋል።»

ክፍሉ ውስጥ ገባሁ። መስታወቱ ላይ ካርቶን ተለጥፏል፤ የሳሙና ካርቶን፣ የብስኩት ካርቶን፣ የዘይት ካርቶን። ሐይቁን ለማየት ተብሎ የተሠራ መስታወት ሐይቁ እንዳይታይ በካርቶን ተሸፍኗል። ክፍት በቀረው በኩል የእጄን ጀርባ አስጠጋሁና ወዲያው ሳብሁት። የሚከፈተውን መስኮት ፈለግሁ። የሚከፈት የለም። ከላይ ጥግ ላይ አንዲት እጅ የማታሾልክ ቀዳዳ አለች እንጂ ሌላው ሁሉ የታሰረ ነው። ነፋሱ ከሐይቁ መጥቶ መስታወቱን ገጭቶ ይመለሳል። አባባሉ እንኳ መስኮት ክፈት ይል ነበር።

ያሬድን ጠርቼ ቢሮዬ አስመጣሁት። የትምህርት ቤቱ ባለቤት በስልኩ የውጭ አገር ሕንፃ ሥዕል እያሳየ እንዲህ ያለ ካልሆነ አለኝ፣ ሁለት ጊዜ በሌላ መንገድ ሥዬ አሳየሁት፣ እምቢ ካልህ ለሌላ እሰጠዋለሁ አለኝ ብሎ አስረዳኝ።

«ይስጠዋ!» አልሁት።

«ሌላውም ያው ነው የሚሠራው ቲቸር። ልጆቹ ያው ይሞቃቸዋል።»

«ልጆቹ ይሞቃቸዋል፤ አንተ ግን ባልሠራኸው ነበር።»

 በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ አልሁት፤ ግን እሱ ገደሉንም አይቶታል፣ ያናደደኝም ይኸው ነው። የማያውቅ ቢሆን አስተምረዋለሁ። የሚያውቀውን ምን አደርገዋለሁ? ሞዴሉን ከመደርደሪያው አወረድሁና በእጁ ሰጠሁት። ውሰደው፣ ለተማሪ የማሳየው ነገር አይደለም አልሁት። ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝና ወጣ። መደርደሪያው ላይ የአቧራ ቅርጹ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስሙ በቤቴ አልተነሣም። እውነት ለመናገር ከማንም ተማሪ ውድቀት ይልቅ የእሱ አንገበገበኝ፤ ስለ ትምህርቴ ጥቅም የነበረኝን እምነትም ይዞት ሄደ። ከዚያ በኋላ ክፍል ስገባ ይህን ሁሉ ቢያውቁትስ ምን ያደርጉበታል የሚል ነገር ከውስጤ ይጮህብኝ ነበር።

እንግዲህ ኮርሴን ልረከብ ብሎ ያመለከተው ይህ ሰው ነው። እምቢ ካልሁ ኮርሱ የለም። እሺ ካልሁ ዓሣውን ድመት ጠብቂው ብዬ መሄዴ ነው።

የተሸኘሁ ሰሞን ጽዮን ቤት መጣች። ቬንቲሌተሩን ለክፍልሽ ውሰጂው አልኋት። ሶኬት አለ እማ፣ መብራት ነው የሌለው ብላ ሳቀች። ከዚያ ካርቶኑን ገልበጥ አድርጋ አየችው። «እሱን ግን እፈልገዋለሁ። ወፍራም ነው» አለች። ቬንቲሌተሩን አውጥታ ከነላስቲኩ ጥግ አስቀመጠችልኝና ካርቶኑን በብብቷ ይዛ ሄደች፤ በማግሥቱ ሦስተኛ ፎቅ መስታወት ላይ ተለጠፈ። ከሁለቱ እስካሁን ሥራ ያገኘው ካርቶኑ ነው።

ያን ቀን ስለ ያሬድ ማመልከቻ ነገርኋት። ከእኔ በላይ ትናደዳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን፣ እሱ እኮ በየበጋው ትምህርት ቤት ይመጣል አለችኝ። በመስታወቱ ፊት ጥላ ልሥራ፣ የሚከፈት መስኮት ላስገባ እያለ ባለቤቱን ይለምናል፤ ባለቤቱ የሕንፃውን ፊት ያበላሽብኛል ብሎ ይመልሰዋል። ለምን አልነገርሽኝም አልኋት።

«ስሙን አታንሺብኝ ያልሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

በነጋታው ለኃላፊው ደወልሁና ከመወሰኔ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ሲያስተምር ልየው አልሁት። ቦታውን እሱ ይምረጥ። ማምሻውን መልስ መጣ። የመረጠው ያንኑ ትምህርት ቤት ነው፣ የጽዮንን ክፍል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ጊዜው ሚያዝያ ነበር፣ የሙቀቱ ጫፍ። ያሬድ ጠጉሩ ሸብቷል። እንደምን ዋሉ ቲቸር ብሎ እጅ ነሣኝ፤ እግዜር ይመስገን አልሁትና በሩ አጠገብ ቆምሁ። የጽዮን ልጆች እንደ ልማዳቸው ኮሪደር ናቸው። ያሬድ ከዩኒቨርሲቲው የመጡትን ተማሪዎች አስገባና በሩን ዘጋ። ንግግር የለም፣ ስላይድ የለም። የክፍሉን ቁርጥ ንድፍ፣ ከጎን ተቆርጦ ሲታይ ያለውን መልክ፣ ሣሉ አላቸውና ሄዶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ሣሉ። ከዚያ አንገታቸውን መጥረግ ጀመሩ። አንዱ ጫማውን አወለቀ። ወደ ኮሪደር ብንወጣስ አለ ሌላው። ተነሡና የእጃችሁን ጀርባ መስታወቱ ላይ አስነኩ አላቸው። ነኩና ሁሉም ሳቡ።

አንዲት ፊቷ በላብ የወዛ ልጅ ዞር ብላ፣ «ይኼን የሠራው ማነው? እንዴት ነው ያለፈው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አላት።

 አንዳንዱ ቀልድ መስሎት ፈገግ ሊል ሞከረ። ያሬድ ግን ቀጠለ። ያስተማሩኝ እዚያ በሩ አጠገብ የቆሙት ናቸው፣ እናንተ የምታውቁትን ሁሉ አውቅ ነበር አላቸው። ባለቤቱ ሐይቁን ፈለገ፣ እኔም ሥራውን ፈለግሁ። ሐይቅ ባየህበት መስኮት ክፈት የምትለዋን ታውቋታላችሁ? ሲላቸው ሳቁ፤ ያውቋታል። «ሲጨንቀኝ እሷን ያዝሁ። ቀሪዋን ረሳኋት አልሁ ለራሴ» አለ። ከዚያ የሕንፃውን የመጀመሪያ ፕላን ከቦርሳው አውጥቶ በአንድ የሕፃን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። አዞረው፣ አዞረው፣ የወረቀቱ ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን ጋር እስኪገጥም።

«ሐይቁ በየት በኩል ነው?» አላቸው።

ጋሼ ዘውዴን አያውቃቸውም፤ ከመመረቁ በፊት ነው ያረፉት። ግን ወረቀቱን ሲያዞር የእጁ አኳኋን የእሳቸው ነበር።  ያለቀሰች አሮጊት እንዳልመስል ወደ ካርቶኖቹ ዞርሁ። የእኔ ቬንቲሌተር ሥዕል ከሳሙናና ከብስኩቱ መሃል ፊት ለፊቴ ተገትሯል።

በዚህ መሃል ጽዮን በሩን ከፍታ ገባች። ሁሉን ሰምታለች፤ በሩ ስስ ነው።

«ትምህርቱ ጥሩ ነው» አለችው። «የእኔ ልጆች ግን ወደዚህ ክፍል መቼ ነው የሚመለሱት?»

 ያሬድ፣ ባለቤቱ የፊቱን ገጽ አላስነካም አለኝ፣ ለምኜ ለምኜ ሰለቸኝ አለ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ይህ ሁሉ ዓመት ምን እያሳየህ ነው የለመንኸው አልሁት። ሥዕል አለኝ። ሥዕል! ሕንፃውን ያስመኘው ሥዕል አይደለም እንዴ? ባለቤቱ በዚህ ክፍል ከምሳ በኋላ ተቀምጦ ያውቃል ወይ ብዬ ጽዮንን ጠየቅኋት። አያውቅም፤ ቢሮው ምድር ቤት በምሥራቅ በኩል ነው፣ ቀዝቃዛ ነው አለችኝ።

«ኮርሱን ውሰድ» አልሁት ያሬድን። «የመጀመሪያው ተማሪህ ግን ይኼ ባለቤት ነው። ሥዕል እንዳታሳየው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚህ አስቀምጠው፣ በሩን ዝጋና ዝም በል።»

አደረገው። ጽዮን እንደነገረችኝ ሰውዬው መጀመሪያ ስለ ሐይቁ ውበት አወራ፣ ቀጥሎ ኮቱን አወለቀ፣ ቀጥሎ አንድ ጠርሙስ ውኃ ጨረሰ፣ ቀጥሎ ሕፃናቱ መሃል ኮሪደር ላይ ተገኘ። ፈቀደ። የፈቀደው ግን ለሦስተኛው ፎቅ ብቻ ነው፤ ሌላው ፎቅ ወደፊት ይታያል አለ። አየህ፣ ከዚህ ሰው ጋር ነው አገር የምንሠራው። ቢሆንም ለሦስተኛው ፎቅ ተፈቅዷል። የያሬድ ተማሪዎች የኮርሱን ፕሮጀክት ይኸንኑ አድርገውታል፤ የሚከፈቱ መስኮቶችና ከመስታወቱ ክንድ ያህል ወጣ ብሎ የሚቆም የቀርቀሃ ጥላ። አንዱ ጥላውን አረንጓዴ እንቀባው ብሎ እንደነበር ሰምቻለሁ። ያሬድ ምን እንዳለው አልጠየቅሁም።

ቬንቲሌተሩ አሁንም ከነላስቲኩ ሳሎኔ ጥግ ቆሟል። ጽዮንን አደራ ብያታለሁ፤ ጥላው ቆሞ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ልጆቿ ከምሳ በኋላ ወንበራቸው ላይ የተቀመጡ ዕለት ካርቶኔን ሳትቀድ በጥንቃቄ ነቅላ ታምጣልኝ። ቬንቲሌተሩን መልሼ እከትትበትና ለትምህርት ክፍሉ አስረክባለሁ። አዳራሻቸው ይሞቃል።